ለእሁድ የተዛወረ መርዶ

የወንድሟ መርዶ ከቅዳሜ ወደ እሁድ መዛወሩን አሰለፈች የሰማችው በአክስቷ ጓሮ ቆማ የባንድ ልብሷን ስትተኩስ ነው። ጓሮውን ከሳሎኑ የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው አናት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ለአየር ተብሎ የተተወ ክንድ የማይሞላ ክፍተት አለ። አክስቷ ሸዋወርቅ ያንን ክፍተት በጋዜጣ እደፍነዋለሁ ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያ በኩል መጀመሪያ የመጣው የሃምሳ አለቃ ቀነኒሳ ድምፅ ነበር። የምትማርበት ኢንስቲትዩት የማርሽ ባንድ አሠልጣኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ምን ይሠራል ብላ ካውያውን አቆመች። "ጓድ ሊቀመንበር" ይላል ሰውየው፣ "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክላርኔቷ ከሌለች ባንድ አለኝ አልልም። መግቢያውን ብቻዋን የምትነፋው እሷ ናት።" ጓድ ሊቀመንበር የአክስቷ ባል ኃይለየሱስ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር። ከዚያ ሸዋወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሽማግሌዎቹን እኮ ለዛሬ ነው የጠራኋቸው። የአብተውን ሞት እስከ መቼ ነው ከልጅቷ የምንደብቀው? አብሮት የነበረው ልጅ በእጄ ቀበርኩት ብሎ ከተናገረ ሦስት ሳምንት ሆነ" አለች። ኃይለየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ ውሳኔ ሊያሳልፍ ነው። "መርዶው ለነገ ጠዋት ይዛወር" አለ። የስብሰባ ቀን የሚያዛውር ነው የሚመስለው፤ የተቃወመም አልነበረም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአሰለፈች ጆሮ ግን ባዳነቱን ረስቶ ሁሉንም አስገባው። ይህን ወሬ ሌላ ሰው ቢያወራው ልብሱን በካውያ አቃጠለችው ይል ነበር፤ አላቃጠለችውም። እጇ የለመደውን ቀጠለ፤ የሱሪውን አንዱን እግር ጨርሳ ሌላውን አዞረች፤ የጃኬቱን ቀይ ጥለት ተጠንቅቃ ዳር ዳሩን ተኮሰች። ከጨረሰች በኋላ ከውኃው በርሜል ጀርባ ቁጢጥ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አብተው ሁለት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ አቦምሳ ላይ በአባታቸው እርፍ ያረሰ፣ እሷ ትማር ብሎ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ክላርኔት ስትነፋ ጉንጯ ሲያብጥ አይቶ ሆዱን ይዞ የሳቀ ልጅ ነው። በሰባ ስምንት ብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ይኼው ባንድ ነው የሸኘው፤ እሷም ነፍታለታለች። አሁን ሞቷል፤ ሦስት ሰዎችም ሳሎን ቁጭ ብለው ሞቱን በቀጠሮ ይዘውታል። ሐዘኑ ገና አልደረሰባትም፤ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነው።

ለምን እሪ አላለችም? ይህን የሚጠይቅ አገሩን የማያውቅ ነው። መርዶ ሳይነገረው ያለቀሰ ሰው በቁም ላለ ሰው ሟርት እንደ ጠራ ነው የሚቆጠር። ደግሞም ዘመኑ ሰማንያ ነው፤ ግንቦት ሰማንያ። ግንባር ላይ ያለ ወታደር ሞተ የሚባለው መንግሥት ሞተ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት ሞተ ያለ የጠላት ወሬ ነዝቷል ተብሎ ከማን ሰማህ ይባላል። ከማን ሰማሁ ትበል? ከአክስቷ ግድግዳ? ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ እልህ ያዛት። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ፊቷን እያየ በአፉ እንዲነግራት ፈለገች። አንድ ሰው "አብተው ሞቷል" ካላት ማልቀስ ትችላለች፤ አልቅሳም በከሰዓቱ አውቶቡስ አቦምሳ ትደርሳለች፤ እናቷ ብቻዋን ሆና ከባዳ አፍ ሳትሰማ ትደርስላታለች። እናቷ አልሰማችም ብላ ነው የምታስበው። ስለዚህ ዛሬ እያንዳንዳቸውን ትጠይቃቸዋለች። ሁሉም አንዳንድ ዕድል ያገኛሉ።

ወደ ቤት ስትገባ ሃምሳ አለቃው ሄዷል። ሳሎኑ ጠዋት ከተወችው ሳሎን ተለውጦ ጠበቃት። ሁለቱ ሶፋዎች ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ጥግ ላይ አራት የእድር አግዳሚ ወንበሮች በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ የአገሩ መሪ ፎቶግራፍ ከሚሰቀልበት ግድግዳ ሥር አንድ ጆንያ ስንዴ ቆሟል። ለንፍሮ ነው። ሸዋወርቅ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ከሁለት የተጠበሰ ዕንቁላል ጋር አቀረበችላት። በዚህ ቤት ዕንቁላል ለእንግዳ ነው የሚጠበስ፤ አንዱ ሰላሳ ሳንቲም ገብቷል እያለች ሸዋወርቅ ራሷ ስታማርር ነው የምትውለው። "ብዪ የእኔ ልጅ፤ ዛሬ ብርታት ያስፈልግሻል" አለች፤ ወዲያው ደግሞ ምላሷን የነከሰች መሰለች፤ "ለመንፋቱ ማለቴ ነው" ብላ አከለችበት።

አሰለፈች አንድ ጉርሻ ወሰደች። "እትዬ፣ ከአብተው ደብዳቤ አልመጣም?"

ሸዋወርቅ የሻይ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ከሳህኑ ጋር አንኳኳችው። መልስ ከመስጠቷ በፊት ባሏን አየች፤ ኃይለየሱስ ደግሞ ሬዲዮውን አየ። "ደህና ነው አሉ" አለች ሸዋወርቅ፣ ለብርጭቆው። ኃይለየሱስ ደገፋት፤ "ጀግናው ደህና ነው! ግንባር ላይ ፖስታ ቤት የለም፣ አትጨነቂ። ይልቅ ስለ ዛሬው አስቢ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጓድ ከባንዱ አንድ ሰው መርጦ ለቡልጋሪያ የትምህርት ዕድል ይልካል። ስምሽ አንደኛ ላይ ነው፤ እኔ ራሴ አነጋግሬያለሁ።" ቡልጋሪያ ባለፈው ዓመት ቢሏት ኖሮ ከወንበሯ ትዘል ነበር። አሁን ዕንቁላሉን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋችው። ሁለቱም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ቢያዩዋት ኖሮ እንደምታውቅ ባወቁ ነበር፤ አላዩዋትም። ሸዋወርቅ ስትሸኛት ግን በሩ ላይ ይዛት ቆየች፤ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከውስጥ ኃይለየሱስ ሲያስል ለቀቀቻት።

ከቀበሌው እስከ ኢንስቲትዩቱ በጋሪ ስሙኒ ነው። ባለጋሪው አቧራውን በጨርቅ እየተከላከለ ስለ ስኳር ያወራላታል፤ ወንጂ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በወረፋ ነው ይላል፤ አሰለፈች እሺ እሺ ትላለች። የግንቦት ንፋስ ከሜዳው አፈር እያነሳ ሱቆቹ ላይ ይደፋል። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ አዲስ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዛሬ የሚሸኙትን ልጆች ዘማቾች ይላቸዋል። ልጆቹ ከየቤታቸውና ከየመንገዱ እንዴት እንደተሰበሰቡ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ባለጋሪው ወረቀቱን አይቶ የስኳሩን ወሬ አቋርጦ ፈረሱን በጅራፍ ነካ አደረገው።

በባንዱ ክፍል በር ላይ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት አለ። ርእሱ "ከባንድ አባላት የሚጠበቅ ዲሲፕሊን" ይላል፤ አሥራ አንድ አንቀጽ አለው። የባንድ አባል ከሰልፍ በፊት ነጭ ሽንኩርትና ቆሎ አይበላም። የባንድ አባል የመሣሪያውን አፍ ለሌላ አያውስም። በሰልፍ ላይ መሳቅ፣ ማልቀስና ማዛጋት ክልክል ነው። አንቀጽ ስድስት ደግሞ አንድ አባል በእናት፣ በአባት፣ በእህት፣ በወንድም ወይም በትዳር ጓደኛ ሞት ካልሆነ በስተቀር ከሰልፍ ሊቀር እንደማይችል ይደነግግና፣ "የሐዘን ፈቃድ መርዶው ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ይሆናል" ይላል። ሃምሳ አለቃ ቀነኒሳ ይህን ወረቀት በራሱ እጅ ጽፎታል፤ አንድም ቀን ጥሶት አያውቅም። ዛሬም አልጣሰውም። መርዶው ካልተነገረ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ልጅቷ ትነፋለች። አሰለፈች ወረቀቱን ሁለት ዓመት ሙሉ በፊቱ ስታልፍ ኖራ የዚያን ቀን ብቻ ቆማ አነበበችው፤ የአንድ ሰው ብልጠት እንዲህ በንጹሕ እጅ ሊጻፍ መቻሉ አስገረማት።

ሃምሳ አለቃው በጃንሆይ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር። ሁለት የፊት ጥርሶቹን ካጣ ወዲህ ራሱ አይነፋም፤ የሚነፉትን ግን ያስጨንቃል። ዘግይቶ የመጣን በመሣሪያው ሳጥን ላይ ያስቆማል፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሜዳውን ያስሮጣል፤ የክላርኔቷን የአፍ ሸምበቆ መቀየር ያስፈለጋት ቀን አሮጌውን አምጪና አሳዪኝ ብሎ በፀሐይ አንጋጦ ሳያየው አዲስ አይሰጣትም። ዛሬ ግን ገና ከበር ሲያያት ከኪሱ ሁለት አዲስ አወጣ። "ኢንተለ ኮ" አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ክላርኔት!" እያለ ነው የጠራት። "ዛሬ ሩጫ የለብሽም። ጥላ ሥር ተቀመጪ።" ሳጥኗን ራሱ ተሸክሞ ወንበሯ ሥር አኖረላት። ከስድቡ ይልቅ ደግነቱ አናቷ ላይ ወጣ።

"ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ነገ ወደ አቦምሳ መሄድ ፈልጌ ነበር። የወንድሜ ነገር ልቤን አላሳርፍ ብሎኛል። እርስዎ ከጦሩ ሰዎች ጋር ይገናኛሉ፤ የሰሙት ነገር የለም?"

ሰውየው የእጁን ሰዓት አየ። የሰዓቱን ቁልፍ አዙሮ ሞላ፤ ሊነግራት የቀረበ መሰላት። "ወታደር ደብዳቤ መጻፍ ይሰንፋል" አለ በመጨረሻ። "እኔም ኦጋዴን እያለሁ ለእናቴ አንድ ዓመት አልጻፍኩም። ነገ የፈለግሽውን ያህል ፈቃድ አለሽ። ዛሬን ብቻ ንፊልኝ።" ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ቱባ የሚነፋውን ልጅ ያለ ምንም ጥፋቱ ይሰድበው ጀመር። አሰለፈች ሁለቱን ሸምበቆ በጣቶቿ መሃል ይዛ ቀረች፤ በጥርሷ ልትሰብራቸው ከጅሏት ነበር።

ምሳ ላይ የቀረውን አወቀች። ቅዳሜ ሥጋ ወጥ ነው፤ በኢንስቲትዩቱ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም አንድ ድስት ነው፤ ሥጋው ግን በሰው ሁለት ቁራጭ ነው፤ የባንዱ ልጆች በየትሪው ከበው ሲበሉ የራሱን ቁራጭ በእንጀራ ሸፍኖ የማይጠብቅ የለም። ያን ቀን ማንም አልሸፈነም። ከበሮ የሚመታው ልጅ ሥጋውን ገፋ አድርጎ ወደ እሷ አሳለፈው። ትሮምቦኑ አሳለፈ። ሳክስፎኗ ከሪማ፣ በሥጋ ቀልድ የማታውቀው ከሪማ፣ ሁለቱንም ቁራጭ አንስታ አሰለፈች ፊት አስቀመጠች። ስድስት ሰባት ቁራጭ ተከመረ። ይህ የለቅሶ ቤት ማጉረስ ነው፤ ለሐዘንተኛ ነው እንዲህ የሚደረግ። ሁሉም ያውቃሉ። አሠልጣኙ ትናንት ማታ ለሁሉም ነግሮ አፋችሁን ያዙ ብሏቸዋል። ሃያ ሁለት ሰው ወንድሟ መሞቱን ያውቃል፤ እሷ ግን ዛሬ እንድትነፋ እንዳታውቅ ተፈርዶባታል። ሥጋውን አንድ በአንድ በላችው፤ አንዱንም አልመለሰችላቸውም፤ እየዋጠች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ አቀረቀሩ።

የሻሸመኔው ሱሌማን፣ ትራምፔት የሚነፋው፣ ጎኗ ነው የሚቀመጠው። በልምምድ የእሷን ትንፋሽ ጠብቆ ነው የሚገባ፤ ከባንዱ ሁሉ ወዳጅ የምትለው እሱን ነው። እጃቸውን ሲታጠቡ ከቧንቧው ዘንድ ያዘችው። "ሱሌማን፣ አንተ አትዋሸኝም። ስለ አብተው የሰማኸው ነገር አለ?" ልጁ ውኃውን ሳይዘጋ ቆመ። ወላሂ ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው፤ አላለም። "ዛሬ አትጠይቂኝ" አለ። "ነገ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ምቺኝም። ዛሬ ግን አትጠይቂኝ።" አልዋሸም፤ እውነቱንም አልሰጣትም። ውሸታሞቹን መናቅ ይቻል ነበር፤ ይኼኛውን ምን ታድርገው? ቧንቧውን ዘግታበት ሄደች።

ሽኝቱ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ባለው ሜዳ ነው። አሥራ ሁለት አውቶቡሶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሞተራቸው አልጠፋም። ልጆቹ በረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ጢም የሚባል ነገር ፊታቸውን አላወቀውም፤ ሁሉም በጉልበታቸው መሃል ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዘዋል፤ እናቶቻቸው የቋጠሩላቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። እናቶቹ ራሳቸው ከገመድ ወዲያ ናቸው። ገመዱን አብዮት ጠባቂዎች ይዘውታል። መድረኩ ላይ የአዲስ አበባው እንግዳ ሰማያዊ ካኪውን ለብሶ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል፤ ኃይለየሱስ ከኋላው ጎንበስ ብሎ በጆሮው ያወራውና ወደ ባንዱ ይጠቁማል። አሰለፈች መጠቆሚያው ጣት እሷ ላይ ሲያርፍ አየች። ሊነፉ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው ከገመዱ ወዲያ ስሟን የሚጠራ ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል እናቷ ናት፤ አሰፋሽ፤ ከአቦምሳ፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ።

ሃምሳ አለቃው በእጁ ሂጂ አላት። እሷም ወደ ገመዱ ሮጠች፤ ልቧ ግን ከእግሯ ቀድሞ ፈራ። ቀኑን ሙሉ ንገሩኝ ስትል የዋለችው ለዚህች ሴት ብላ ነው። አሁን አብተውስ ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ አለች። እናትየዋ ግን አልጠየቀችም። ስለ መንገዱ አወራች፤ ስለ አውቶቡሱ ጎማ አወራች፤ ከስተሻል አለቻት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከሰላምታ አስቀድማ ስለ አብተው ሳትጠይቅ የቀረችበት ጊዜ የለም። አሰለፈች አንገቷን አቅፋ ስትስማት እጇ ከሻሹ ሥር ገባ። ማጅራቷ ላይ ሹሩባ የለም። የተላጨ ነው፤ ሦስት ሳምንት የሆነው፣ መዳፍ የሚወጋ ፀጉር።

"እማዬ፣ ፀጉርሽስ?"

"ራስ ምታት አስቸግሮኝ አስላጨሁት።"

"አብተው ጻፈልሽ?"

"ጽፏል" አለች እናቷ። ዓይኗን አልሰበረችም፤ ቀኑን ሙሉ ከዋሿት ሁሉ ፊቷን እያየ የዋሻት ሰው እሷ ናት። "ደህና ነው ይላል።"

አሰለፈች ገመዱን ያዘች። "እማዬ፣ አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"እንግዲያው አልሰማሽም" አለች እናቷ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ አሰለፈች ያንን ድምፅ ከዚህ በፊት የሰማችው እናቷ በሞተ በሬ ቆዳ ዋጋ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር ብቻ ነው። ክንዷን በገመዱ ላይ ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። "ስሚኝ። ይቆይ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሸዋወርቅ ሆዷ አልችል ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ይነገራት ስትል፣ ለሃምሳ አለቃሽ ሰው የላክሁበትም እኔ ነኝ። ሁለት ወለድሁ፤ አንዱን በሉት። ያ ከላይ የተቀመጠው ሰውዬ አንቺን ባሕር ማዶ ይልክሻል ብለውኛል። ከዚህ አገር ውጪልኝ። ነገ ጠዋት አብረን እናለቅሳለን፤ ዕድሜ ልካችንን እናለቅሳለን፤ ዛሬን ግን ንፊ።" ከዚያ ለቀቀቻት፤ እንዲያውም ገፋ አደረገቻት። "ሂጂ፣ ንፊ!"

ወደ ቦታዋ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ክላርኔቱ በእጇ ነው፤ ሱሌማን በግራዋ ነው፤ ሃምሳ አለቃው እጁን አንስቷል። ንዴቱን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ጠፋት። ሸዋወርቅን ጠልታ ነበር፤ ያቺ ከንቱ ልትነግራት የፈለገች ብቸኛ ሰው ሆና ተገኘች። ቀነኒሳን ጠልታ ነበር፤ እሱም መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። የቀረችው አቦምሳ ላይ ብቻዋን ተላጭታ፣ ብቻዋን አልቅሳ፣ ከዚያ ነጭ ለብሳ የመጣች እናቷ ናት፤ እሷን ደግሞ እንዴት ትጥላት? የሃምሳ አለቃው እጅ ወረደ። አሰለፈች ነፋች። መግቢያው አሥራ ስድስት ምት ነው፤ ብቻዋን ነው፤ አንድም አልተሳሳተችም። የአዲስ አበባው እንግዳ ብርጭቆውን አስቀምጦ አንገቱን ሲነቀንቅ ኃይለየሱስ ፊቱ በራ። ከዚያ ባንዱ በሙሉ ገባ፤ ልጆቹ ተነሱ አሏቸውና ከረጢታቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሶቹ መሄድ ጀመሩ። በድምፅ ማጉያው አንድ ሰው እናቶች እልል በሉ አለ። ከእናቶቹ ብዙዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። አንዲት ሴት ብቻ እልል አለች፤ ከሁሉ በላይ፣ ሳታቋርጥ። አሰለፈች ማን እንደሆነች ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለጋትም።

እናቷ ናት እልል የምትለው። ልጇን የበላውን መንገድ በእልልታ እየሸኘች ነው፤ ማንም እንዳይጠረጥር፣ ሴት ልጇ እንድትሄድ። ያኔ የአሰለፈች ትንፋሽ ተቋረጠ። ክላርኔቱ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ከሰልፉ ወጣች። ሃምሳ አለቃው "ክላርኔት!" ሲል ሰማችው፤ ሱሌማን ልብሷን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። በሜዳው መሃል፣ በሚሄዱት ልጆች ረድፍ መሃል አቋርጣ ገመዱ ጋ ደረሰችና እናቷ ፊት ቆመች።

"ንገሪኝ" አለች።

"ተመለሺ። ሰውየው እያየሽ ነው።"

"ንገሪኝ፣ እማዬ። አንቺ ንገሪኝ።"

አሰፋሽ መድረኩን አየች። ከዚያ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ አውቶቡሱ የሚወጡትን ልጆች አየች፤ አንዱ ደረጃው ላይ ቆሞ ከገመዱ ወዲህ በዓይኑ ሰው ይፈልጋል፤ የቋጠሩለት ከረጢት ተፈትቶ ቆሎው እየፈሰሰ ነው፤ አላወቀም። እናትየዋ እጇን ወደ ራሷ አንስታ የሻሹን ቋጠሮ ፈታች። ሻሹ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። የተላጨው ራሷ በከሰዓቱ ፀሐይ ላይ ወጣ፤ በዙሪያዋ የቆሙት ሴቶች አዩት፤ የተላጨ ራስ ምን ማለት እንደሆነ ለየትኛዋም መንገር አያስፈልግም ነበር።

"አብተው ሞቷል፣ ልጄ" አለች። "በመጋቢት ነው የሞተው። ወንድምሽ ሞቷል።"

መጀመሪያ የጮኸችው አሰለፈች አይደለችም፤ ከጎን የቆመች የማታውቃት ሴት ናት። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ በገመዱ ዳር ያሉት ሁሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን ልጅ ስም እየጠራች። አብዮት ጠባቂዎቹ ገመዱን ጠበቅ አደረጉ፤ ሃምሳ አለቃው ድምፅ ጨምሩ ብሎ እጁን አወናጨፈ፤ ባንዱ ያለ ክላርኔት ጨመረ። መድረክ ላይ ያለው እንግዳ ነገሩ የሽኝት ለቅሶ መስሎት ፈገግ ብሎ አጨበጨበ፤ ኃይለየሱስም ምን ምርጫ አለው፣ አብሮ አጨበጨበ። አውቶቡሶቹ ተንቀሳቀሱ። አሰለፈች እናቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የታፈነውን ትንፋሿን ሁሉ አወጣች፤ "ወንድሜ! አብተው ወንድሜ!" አለች፤ ከልካይም አላገኘችም።